ከውኃ ቢል እስከ ላሜራ ሳጥን፦ ኪዩብን በእጅ እየለኩ መረዳት

አክስቴ የምትኖረው ግንፍሌ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ የውኃ ቢሏን ይዛ መጣች። «አንተ ልጅ፣ ሒሳብ አይደል የምታስተምረው? ይሄ 14 ሜትር ኪዩብ የሚለው ምንድነው? እኔ ሜትር የማውቀው ለጨርቅ ነው። ውኃ በሜትር ይለካል እንዴ?»

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ የማስጠናቸው ልጆች አሉ። ኪዩቢክ ፈንክሽን ዘርዝሩ ስላቸው እንደ ውኃ ይጠጡታል። አንድ ሜትር ኪዩብ ስንት ጀሪካን ይሆናል ስላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አክስቴ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ጀሪካን ስትሸከም ኖራ ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር ባዳ ሆነባት። ልጆቹም እሷም የያዙት ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ በጭራው፣ ሌላው በቀንዱ በኩል። እዚህ የምጽፈው ከሁለቱም ወገን ላለ ሰው ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የሚጠቀለል ሜትርና ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ አቅርቡና አብረን እንሥራ።

አንድ፦ ካሬንና ኪዩብን መለየት

አዲስ አበባ ውስጥ ካሬን የማያውቅ የለም። ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ነው። ካሬ ሁለት ርዝመቶች ተባዝተው የሚገኝ ነው፤ ርዝመት በወርድ። የሚለካውም የተነጠፈን ነገር ነው፤ ምንጣፍ፣ ሊሾ፣ የቤት ወለል። ኪዩብ ላይ ሦስተኛ ርዝመት ይመጣል፤ ከፍታ ወይም ጥልቀት። ስለዚህ የሚለካው አንድ ነገር ውስጡ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ይዘት» የሚሉት ይህንን ነው።

በወሬ ብቻ አይገባም፣ ሥሩት። ከካርቶን ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም 10 ሳንቲም የሆነ ሳጥን ቁረጡና አጣብቁ። (ሳንቲም የምለው ሳንቲ ሜትርን ነው፤ ግንበኛውም ልብስ ሰፊውም እንዲህ ነው የሚለው።) ውስጡን ፌስታል አልብሱት። ከዚያ አንድ ሊትሩን ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። በሳጥኑ ውስጥ 10 ጊዜ 10 ጊዜ 10፣ ማለትም 1,000 ትንንሽ ኪዩቦች አሉ። እያንዳንዳቸው በሁሉም ጎን 1 ሳንቲም ናቸው። አንድ ሊትር ማለት እነዚያ 1,000 ኪዩቦች ናቸው።

አንዷ ትንሽ ኪዩብ ደግሞ አዲስ አይደለችም። ጤና ጣቢያ ነርሷ «5 ሲሲ» ስትል ሲሪንጁ ላይ የምታነበው አምስት ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። መኪና የሚያሻሽጥ ሰው «ሺህ ሲሲ ነው» ሲልም ሞተሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ የሚጠርጉት ቦታ በድምሩ አንድ ሊትር ነው ማለቱ ነው። ካርቶኑን አስታውሱት፤ የዚያች መኪና ጉልበት የሚወጣው እሱን ከምታክል ቦታ ነው።

ሁለት፦ ሜትር ኪዩብን በጀሪካን መቁጠር

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌም አንድ ቦታ ይወድቃሉ። «አንድ ሜትር 100 ሳንቲም ነው፣ እንግዲያው አንድ ሜትር ኪዩብ 100 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሦስቱም ጎኖች ከሜትር ወደ ሳንቲም መቀየር አለባቸው። 100 በ100 በ100 ስታባዙ አንድ ሚሊዮን ይመጣል። 100 ሲሲማ የአንድ ቡና ሲኒ ጉዳይ ነው።

አንድ ሚሊዮኑን ለሺህ አካፍሉት። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ሆነ። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ነው። ይህችን አንዲት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፣ ብዙ ቦታ ታገለግላችኋለች። አክስቴ 50 ጀሪካን ስላት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ 14 ጊዜ 50 ነው የጨረስኩት?» አለች። አዎ፣ 700 ጀሪካን። ስትሸከመው ብትቆጥረው ኖሮ ቢሉ እንግዳ አይሆንባትም ነበር።

ክብደትም እዚሁ አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ አንድ ቶን ነው፣ ወይም 10 ኩንታል።

ሦስት፦ ቆጣሪውን ማንበብ

የቆጣሪውን ክዳን ክፈቱና መስታወቱን ጥረጉ። በአብዛኛው ጥቁር ቁጥሮችና ቀይ ቁጥሮች ታያላችሁ። ጥቁሮቹ ሙሉ ሜትር ኪዩብ ናቸው። ቀዮቹ ከአንድ ሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ይናገራሉ። ቢል የሚሠራው በጥቁሮቹ ነው። ባለፈው ወር 347 ከነበረና አሁን 361 ከሆነ፣ ልዩነቱ 14 ነው።

14 ሜትር ኪዩብ 14,000 ሊትር ነው። አክስቴ ቤት አምስት ሰው አለ። ለአምስት፣ ከዚያ ለ30 ቀን ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 93 ሊትር ይደርሳል፤ አምስት ጀሪካን የማይሞላ። ልብስ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ሲጨመር የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ታሪፉ ግን በእርከን ነው የሚሠራው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪዩብ ዋጋም ይወደዳል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ መፈለግ ያዋጣል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቀዮቹን ቁጥሮች መዝግቡ። ጠዋት ማንም ውኃ ሳይነካ መልሳችሁ እዩ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውኃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የሽንት ቤቱን ታንከር ነው።

አራት፦ አሸዋ ሳይገለበጥ መለካት

ይህ እኔን ራሴን ገንዘብ ያስከፈለኝ ትምህርት ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጎረቤቶች ተዋጥተን የግቢውን ጭቃ በኮንክሪት ለመሸፈን ወሰንን። አሸዋ አዘዝን፤ «5 ሜትር ኪዩብ ነው» ተባልን፣ ከፈልን፣ ገልባጩ መጥቶ ደፋው። ክምሩን ሳየው አነሰብኝ፣ ግን አንዴ ከተገለበጠ በኋላ ምን ይባላል? ሹፌሩ ሲወርድ ሜትር አውጥቼ የመኪናውን ጭነት ቦታ ከውስጥ በኩል ለካሁት። ርዝመቱ 3.60፣ ወርዱ 1.90፣ የሳንቃው ከፍታ 0.50 ነበር። አሸዋው ደግሞ ከሳንቃው ጋር እኩል ሆኖ ነበር የመጣው። 3.60 በ1.90 በ0.50 ስታባዙ 3.42 ነው። ከተባለው 5 ከአንድ ኪዩብ ተኩል በላይ ጎድሏል። ክርክሩን አላሸነፍኩትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መኪናው ሲቆም፣ ሳይገለበጥ፣ ሦስቱን ርዝመቶች ከውስጥ በኩል ለኩ። ሁሉንም በሜትር ጻፉ። አባዙ። ከዚያ ስለ ዋጋ አውሩ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በቅንጣቶቹ መካከል የሚገባው እርጥበት ያሳብጠዋል። ውስጡ ያለው አሸዋ ሳይጨምር መኪናውን የሞላ ይመስላል።

ለራሳችሁ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግም አስቀድማችሁ አስሉ። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግቢ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲም ቢሆን፣ 4 በ3 በ0.10 ነው፤ 1.2 ሜትር ኪዩብ። ብዙ ሰው 10ን እንዳለ አባዝቶ 120 ይለኛል። መልሱ ሲወጣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሳሉት፦ 120 ሜትር ኪዩብ 6,000 ጀሪካን ነው፣ ያ በአንድ ጠባብ ግቢ አይነጠፍም። ስሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሲደባለቁ እርስ በርስ ስለሚገቡ፣ የደረቁ ድምር ከሚወጣው ኮንክሪት በግማሽ ያህል መብለጥ አለበት። ለ1.2 ኪዩብ ደረቁ 1.8 ይሁን። አንድ እጅ ስሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ከሆነ ለስድስት ትካፈላለች፦ ስሚንቶ 0.3፣ አሸዋ 0.6፣ ጠጠር 0.9። የ50 ኪሎ ከረጢት ስሚንቶ 35 ሊትር ያህል ስለሆነ 9 ከረጢት ይበቃል። ግንበኞች የሚሰፍሩበት የእንጨት ሳጥንም ከዚህ ሒሳብ የመጣ ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነው 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ ከረጢት ስሚንቶ ጋር ለጥቂት ነው።

አምስት፦ ክብ ነገር ሲመጣ

ሮቶ ጥግ የለውም፣ ግን መንገዱ አይለወጥም። መጀመሪያ የወለሉን ካሬ፣ ከዚያ በከፍታው ማባዛት። የክብ ካሬ ፓይ፣ ማለትም 3.14፣ በራዲየስ በራዲየስ ነው። (ዲያሜትር በክቡ መሃል አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለው ነው፤ ራዲየስ የእሱ ግማሽ።) ዲያሜትሩ 1.20፣ ከፍታው 1.80 የሆነ ሮቶ ራዲየሱ 0.60 ነው። 3.14 በ0.60 በ0.60 በ1.80 ከ2 ሜትር ኪዩብ ትንሽ ይበልጣል። 2,000 ሊትር። ሲሞላ ደግሞ 20 ኩንታል። ጣሪያችሁ ላይ ልታስቀምጡት ካሰባችሁ፣ 20 ኩንታል ጤፍ እዚያ ብትደረድሩ ይችለው እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ። ይህን በቀልድ አይደለም የምለው።

ስድስት፦ ከመለኪያ ወደ ፈንክሽን

አሁን ተማሪዎቼ የሚያውቁት ክፍል ደረሰ። ሦስቱም ጎኖች እኩል ሲሆኑ የጎኑን ርዝመት «ሀ» በሉት። ይዘቱ ሀ በሀ በሀ ነው፤ ባጭሩ ሀ³። የምትሰጡት ርዝመት ነው፣ መልሶ የሚሰጣችሁ ይዘት ነው። ፈንክሽን ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ አንድ ቁጥር ይመልሳል።

ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ ሀ 1 ሲሆን 1፣ 2 ሲሆን 8፣ 3 ሲሆን 27፣ 4 ሲሆን 64። ጎኑ በአንድ በአንድ እየጨመረ ይዘቱ ይሮጣል። ሀ ግማሽ ሲሆን ግን 0.125 ብቻ ነው፤ በዜሮና በ1 መካከል ላለ ቁጥር ኪዩብ ማድረግ ማሳነስ ነው። ኔጌቲቭ ስትሰጡት ኔጌቲቭ ይመልሳል፦ ኔጌቲቭ 2 ኔጌቲቭ 8 ይሆናል። ኔጌቲቭ ርዝመት ያለው ሳጥን የለም፣ ግራፉን ሙሉ አድርጎ ለማየት ግን ይጠቅማል። ነጥቦቹን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡና አገናኙ። ከግራ ከታች ይመጣል፣ ዜሮ ላይ ለአፍታ ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል።

ዓይናችን የማይቀበለው እውነት እዚህ ግራፍ ላይ አለ። ጎን እጥፍ ሲሆን ይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጀበና በቁመትም በጎንም እጥፍ ብታደርጉ የስምንት ጀበና ቡና ያፈላል። ድስት ስትገዙም እንደዚያው ነው። ባለ 20 ሳንቲምና ባለ 25 ሳንቲም ድስት፣ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙም አይበላለጡም። ግን 25ን ለ20 ስታካፍሉ 1.25 ነው፣ 1.25 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.95 ይሆናል። ትልቁ ድስት እጥፍ ያህል ወጥ ይይዛል። አክስቴ ይህን ያለ ፈንክሽን ታውቀዋለች። ማኅበር ሲመጣ የትኛውን እንደምትጥድ ጠይቃኝ አታውቅም።

ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ይዘቱን አውቃችሁ ጎኑን ስትፈልጉ ኪዩብ ሩት ይባላል። ባለ 1,000 ሊትር የኪዩብ ታንከር ጎኑ 1 ሜትር ነው። ባለ 2,000 ሊትሩስ? 2 ሜትር አይደለም፣ 1.26 ነው። ሃያ ስድስት ሳንቲም ብቻ! ጥንት ግሪኮች የኪዩብ ቅርጽ ያለውን መሠዊያ ይዘት በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ እጥፍ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። በእነዚያ ሁለት መሣሪያዎች እንደማይቻል የተረጋገጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ነው።

ለሁላችንም ቅርብ የሆነ ደግሞ አለ። የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ይህ ቁጥር በጆሮ ስለሚያልፍ ኪዩብ ሩቱን አውጡለት፤ 4,200 ሜትር ገደማ ይመጣል። ውኃው ሁሉ አንድ ኪዩብ ሆኖ አራት ኪሎ ላይ ቢቆም፣ አንዱን ጎኑን በእግር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። የኪዩቡ ጫፍ ከራስ ዳሽን በላይ ይወጣል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳሰላ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሰባት፦ ላሜራው

አክስቴ በረንዳዋ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ መትከል ትፈልጋለች። ፒያሳ አካባቢ ከሚሠራ ቆርቆሮ ሠሪ 60 በ60 ሳንቲም የሆነ ላሜራ አገኘን። ከአራቱ ማዕዘኖች እኩል ካሬ ይቆረጣል፣ የቀረው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ክፍት ሳጥን ይሆናል። ጥያቄው ምን ያህል ይቆረጥ የሚለው ነው። ትንሽ ከተቆረጠ ሳጥኑ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙ ከተቆረጠ ጠባብ ጉድጓድ ይሆናል።

የሚቆረጠውን «ሀ» በሉት። ሳጥኑ ሲታጠፍ ከፍታው ሀ ነው። ወለሉ ከሁለት በኩል ስለተቆረጠ 60 ሲቀነስ 2ሀ ነው። ስለዚህ ይዘቱ ሀ × (60 − 2ሀ) × (60 − 2ሀ)። ሲዘረዘር 4ሀ³ − 240ሀ² + 3600ሀ ይሆናል። ከፍተኛው ሀ ሦስት ጊዜ ስለተባዛ ይህ ኪዩቢክ ፈንክሽን ነው። ተማሪዎቼ የሚያውቁት ይህንን ነው፤ ላሜራ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም።

ቁጥር አስገቡ። ሀ 5 ሲሆን 12,500 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ፣ 8 ሲሆን 15,488፣ 10 ሲሆን 16,000፣ 12 ሲሆን 15,552፣ 15 ሲሆን 13,500፣ 20 ሲሆን 8,000። 30 ላይ ወለሉ ያልቃል፣ ዜሮ ነው። ግራፉ ከዜሮ ይነሣል፣ 10 ላይ ጉብታ ይሠራል፣ 30 ላይ ወርዶ የዜሮውን መስመር ይነካል። ካልኩለስ የተማረ ሰው ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርጎ 10ንና 30ን በቀጥታ ያገኛል። ያልተማረ በሰንጠረዡም ይደርስበታል። ለማንኛውም ካሬ ላሜራ ብዙ የሚይዘው የጎኑ አንድ ስድስተኛ ሲቆረጥ ነው።

ትልቁን ይዘት መያዝ ግን ሁልጊዜ የሚፈለገው አይደለም። አክስቴ አፈር ገዝታ ነው የምትሞላው፤ ያላት አፈር 12.5 ሊትር ነበር። በስንት ይቆረጥ? ከሰንጠረዡ 5 አንዱ መልስ መሆኑን አይተናል። ግን ግራፉ ወጥቶ ስለሚወርድ፣ ያንኑ ከፍታ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት። ፈንክሽኑን 12,500 አድርጋችሁ ለ4 ስታካፍሉ ሀ³ − 60ሀ² + 900ሀ − 3125 = 0 ይመጣል። 5 መልስ ስለሆነ በ(ሀ − 5) ይካፈላል፤ የሚቀረው ሀ² − 55ሀ + 625 ነው። ከእሱ 16.04 እና 38.96 ይወጣሉ። ኪዩቢክ እኩልታ እስከ ሦስት መልስ ሊኖረው ይችላል፣ ቢያንስ አንድ ደግሞ አያጣም፤ ምክንያቱም ግራፉ አንድ ጫፉ ከታች፣ ሌላው ከላይ ስለሆነ መሃል ላይ መስመሩን ሳይሻገር አይቀርም።

38.96ን ጣሉት። ከሁለት በኩል 39 ሳንቲም ከ60 ላይ አይቆረጥም። ሒሳቡ ስለ መቀስ አያውቅም፣ መምረጥ የእናንተ ሥራ ነው። 5 እና 16 ቀሩ። ሁለቱም እኩል አፈር ይይዛሉ። በ5 ሳንቲም ጥልቀት ግን ጤና አዳም ሥሯን የምትዘረጋበት የላትም፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። 16 አልነው። ቆርቆሮ ሠሪው ሜትሩን ዘርግቶ ምልክት ሲያደርግ «ብዙ አልሆነም?» አለ። እኔም ደብተሬን አሳየሁት።

እንዲህ ያለውን እኩልታ ሰዎች ለመፍታት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። የፋርሱ ኦማር ካያም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅስቶችን እርስ በርስ በማቆራረጥ መልሱን በሥዕል ያገኝ ነበር። ጣሊያናዊው ካርዳኖ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1545 በቀመር የሚፈታበትን መንገድ አሳተመ። ለላሜራ ግን አንዱን መልስ ከሰንጠረዥ አግኝቶ ማካፈሉ ይበቃል።

ለመለማመጃ ይህችን ሞክሩ። ላሜራው 90 በ90 ቢሆን ብዙ የሚይዘው ሳጥን ስንት ሊትር ነው? የ90 አንድ ስድስተኛ 15 ነው። ወለሉ 60 በ60 ይቀራል። 15 በ60 በ60፣ 54,000፤ 54 ሊትር። ከትንሹ ላሜራ 16 ሊትር ነበር ያገኘነው። ጎኑ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ 1.5 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 3.375፣ 16 በ3.375 ደግሞ ልክ 54። የላሜራው ካሬ ግን የጨመረው 2.25 እጥፍ ብቻ ነው። ይህን ለአክስቴ ሳሳያት ቡናውን እየቀዳች ነበር። «እና ቀድመህ አትነግረኝም? የሚቀጥለውን ከትልቁ አሠራ» አለችኝ።